ፊት አይቶ የሚሰጥ ፈቃድ፦ የአሜሪካ የጠመንጃ ሕግ ከስቴት ስቴት፣ ከካውንቲ ካውንቲ የሚለያየው ለምንድን ነው?

በ2013 ኦክቶበር ወር አንዲት የ27 ዓመት ወጣት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከፊላደልፊያ ተነስታ መኪናዋን ወደ ኒው ጀርሲ እየነዳች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፊላደልፊያ በፔንሲልቬኒያ ስቴት የምትገኝ ከተማ ናት፤ ኒው ጀርሲ ደግሞ ከደላዌር ወንዝ ማዶ ነው። ድልድዩን ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተዘርፋ ስለነበር ሽጉጥ ገዝታ፣ ከፔንሲልቬኒያ ሕጋዊ የመታጠቅ ፈቃድ አውጥታለች። አትላንቲክ ካውንቲ ውስጥ ፖሊስ ሲያስቆማት ሽጉጥ መያዟንና ፈቃድ እንዳላት ራሷ ነገረችው። የደበቀችው ነገር አልነበረም።

እዚያው ታሰረች። የፔንሲልቬኒያ ፈቃድ ኒው ጀርሲ ውስጥ ዋጋ የለውም። በኒው ጀርሲ ሕግ ያለዚያ ስቴት ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ የተገኘ ሰው ከ3 ዓመት ተኩል የማያንስ የግዴታ እስራት ሊጠብቀው ይችላል። በወንዙ ወዲያኛው ዳር ሕግ አክባሪ የነበረች እናት በወዲህኛው ዳር ወንጀለኛ ሆና አደረች። ጉዳዩ በአገሪቱ ሁሉ ከተወራ በኋላ በ2015 ኤፕሪል የኒው ጀርሲው ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ አደረጉላት። ሴትዮዋ ጥቁር አሜሪካዊት ነች። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ብዙዎቻችን አሜሪካን ጠመንጃ እንደ ስኳር ከሱቅ የሚገዛባት አገር አድርገን እናስባታለን። ፊልሙም፣ ዜናውም እንደዚያ ነው የሚነግረን። እውነቱ ግን «የአሜሪካ የጠመንጃ ሕግ» የሚባል አንድ ሕግ የለም። የፌዴራሉ መንግሥት የራሱ አለው፣ 50ዎቹ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አላቸው፣ ከእነሱ በታች ደግሞ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሉ። ካውንቲ በእኛ አገር ከወረዳ ወይም ከዞን ጋር የሚቀራረብ እርከን ነው። የካውንቲው የጸጥታ ኃላፊ ሸሪፍ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕዝብ የሚመርጠው ሰው ነው። በጠመንጃ ጉዳይ ለብዙ ዘመን የሰዎችን ዕድል የወሰነው የዋሽንግተን ፓርላማ ሳይሆን ይሄ ሸሪፍና የቢሮው መስኮት ነበር። ታሪኩን ከዚያ መስኮት ፊት ቆመን ብናየው የተሻለ ይገባናል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ የጸደቀው በ1791 ነው። ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይጣስ ይላል። ነገር ግን በ1833 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች፣ ከባልቲሞር ከተማ በተነሳ የንብረት ክርክር ላይ፣ እነዚህ የመብት ማሻሻያዎች የሚያስሩት የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነው፣ ስቴቶችን አይመለከቱም ብለው ወሰኑ። ክርክሩ ስለ ወደብ እንጂ ስለ ጠመንጃ አልነበረም። ውጤቱ ግን ስቴቶች በዜጎቻቸው መሣሪያ ላይ የፈለጉትን ሕግ ማውጣት መቻላቸው ሆነ። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 መሣሪያን ከልብስ ሥር ደብቆ መያዝን ከልክለው ነበር፤ ቬርሞንት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለመታጠቅ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። የካውቦይ ፊልም የምትወዱም ይህን ያዙ፦ ቶምስቶን በምትባለው የአሪዞና ከተማ በ1881 ኦክቶበር 26 የተደረገው ዝነኛው የተኩስ ልውውጥ የተነሳው የከተማዋ ሹም ቨርጂል ኧርፕ መሣሪያ ታጥቀው የገቡ ሰዎችን ሊያስፈታ ሲሄድ ነው። ያች «የዱር ምዕራብ» ከተማ በአደባባይ መታጠቅን በደንብ የከለከለች ነበረች።

እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ የአገር ስፋትና የአኗኗር ልዩነት ይመስላል። ከተማው ሌላ ይፈልጋል፣ ገጠሩ ሌላ። ይህ እውነትነት አለው፣ አንክደውም። ቀጥሎ የመጣው ግን በአኗኗር ልዩነት የሚገለጽ አይደለም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 አብቅቶ ባርነት ሲቀር፣ የሚሲሲፒ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሳይውል ሳያድር አንድ ሕግ አወጣ። ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው፣ በፌዴራሉ ጦር ውስጥ ካላገለገለ በቀር፣ ከሚኖርበት ካውንቲ የፖሊስ ቦርድ ፈቃድ ካላገኘ የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይችልም አለ። ልብ በሉ፤ ሕጉ «ጥቁር ሰው በፍጹም አይታጠቅ» አላለም። «የካውንቲው ቦርድ ከፈቀደለት» ነው ያለው። ቦርዱ ላይ የተቀመጡት እነማን ነበሩ? ትናንት ባሪያ ጌቶች የነበሩት፣ ወይም ወንድሞቻቸው። ቦርዱ ቢከለክል ይግባኝ የሚባልበት አልነበረም።

የፌዴራሉ ፓርላማ ይህን ለመስበር በ1868 የጸደቀውን አሥራ አራተኛውን ማሻሻያ አመጣ፤ ስቴቶች የዜጎችን መብት እንዳይነፍጉ የሚል ነው። ለጥቂት ዓመታት ተስፋ ነበር። ከዚያ የኮልፋክስ ቀን መጣ።

ኮልፋክስ በሉዊዚያና፣ ግራንት ፓሪሽ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። (ሉዊዚያናዎች ካውንቲን «ፓሪሽ» ነው የሚሉት።) በ1872 የተደረገው ምርጫ ማን እንዳሸነፈ ሲያጨቃጭቅ፣ ጥቁር ሚሊሺያዎች የፓሪሹን ፍርድ ቤት ሕንጻ ይዘው ይጠብቁ ጀመር። በ1873 ኤፕሪል 13 የታጠቁ ነጮች መድፍ ጭምር ይዘው መጡ፤ ሕንጻውን አቃጠሉ። ከሞቱት ብዙዎቹ የተገደሉት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ነው። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ ከ60 እስከ 150 ይገመታል። ከገዳዮቹ መካከል ጥቂቶቹ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሟቾቹን የመሰብሰብና የመታጠቅ መብት ገፍፋችኋል ተብለው ተፈረደባቸው። በ1876 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። ሁለተኛው ማሻሻያ የሚከለክለው የፌዴራሉን ፓርላማ ብቻ ነው፤ ሰው ሰውን መሣሪያ ቢያስፈታ ያ የስቴቱ ጉዳይ ነው ተባለ። የስቴቱ ጉዳይ ማለት በተግባር የካውንቲው ሸሪፍ ጉዳይ ማለት ነበር። ተከሳሾቹ በነጻ ወጡ።

ከዚህ በኋላ ሕግ አውጪዎቹ ብልሃት ተማሩ። አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ስላለ «ጥቁር» የሚል ቃል መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ቃሉን አወጡትና ሥራውን ለሹሙ ተዉለት። ፍሎሪዳ በ1893 ደጋግሞ የሚተኩስ ጠመንጃ ለመያዝ ከካውንቲው ኮሚሽነሮች ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፈቃድ ጠያቂውም መልካም ጠባይ ያለው ይሁን፣ 100 ዶላርም ዋስትና ያሲዝ አለች። በ1901 ሽጉጥም ተጨመረበት። በወረቀት ላይ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ1941፣ በመኪናው ውስጥ ሽጉጥ የተገኘበት ሰው ጉዳይ የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሪቨርስ ቡፎርድ የተባሉት ዳኛ ሁሉም የሚያውቀውን ግን ማንም የማይጽፈውን በፍርድ መዝገብ ላይ አሰፈሩት፦ ሕጉ የወጣው በተርፐንታይንና በእንጨት ሥራ ካምፖች የሚሠሩ ጥቁር የጉልበት ሠራተኞችን መሣሪያ ለማስፈታት ነው፣ በነጩ ሕዝብ ላይ እንዲሠራበት ታስቦ አያውቅም፣ ተሠርቶበትም አያውቅም አሉ። በገጠር ከሚኖሩት ነጭ ወንዶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይህን ሕግ ጥሰዋል ብዬ ብገምት አልሳሳትም ብለውም ጨመሩ።

እኛ ይህን ስናነብ የደነቀን ዘረኝነቱ ብቻ አይደለም፤ ያን ማን አያውቅም? የደነቀን የአሠራሩ ቀላልነት ነው። መጥፎ ሕግ መጻፍ አያስፈልግም። «ሊሰጥ ይችላል» የሚሉ ሁለት ቃላት ጽፎ ለአንድ ሹም መስጠት ይበቃል። «ይሰጣል» ቢባል መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል። «ሊሰጥ ይችላል» ከተባለ ግን ሹሙ ፊት አይቶ ይሰጣል። ኒው ዮርክ በ1911 ያወጣችው የሱሊቫን ሕግ፣ ሰሜን ካሮላይና በ1919 ሽጉጥ ለመግዛት የካውንቲ ፈቃድና መልካም ጠባይ ያስፈልጋል ያለችው ሕግ፣ የአላባማው «ተገቢ ሰው» የሚለው ሕግ፣ ሁሉም በዚህ ሁለት ቃል ዙሪያ የተሠሩ ናቸው። እርግጥ ነው፣ የሱሊቫን ሕግ ሲወጣ ኒው ዮርክ በእርግጥም በሽጉጥ ግድያ ተማርራ ነበር። ሕጉን የደገፉት ሁሉ ክፉ አልነበሩም።

አላባማን ካነሳን፣ በ1956 ጃንዋሪ 30 ሞንትጎመሪ ውስጥ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ። ሚስታቸውና ሕፃን ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበሩ። ኪንግ ወደ ሸሪፉ ቢሮ ሄደው ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቁ። ቤቱ በቦምብ ከተመታ ሰው የበለጠ በቂ ምክንያት ያለው ማን ነው? ተከለከሉ። በኋላ ኪንግ ራሳቸው መሣሪያን ከቤታቸው አውጥተው ሙሉ በሙሉ ወደ ሰላማዊ ትግል ሄዱ፤ ያ የራሳቸው ምርጫ ነው። የሸሪፉ ውሳኔ ግን የኪንግን ምርጫ ጠብቆ አልነበረም።

በ1964 ኤፕሪል ወር፣ ወደ ሐጅ ከመጓዙ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ማልኮም ኤክስ ክሊቭላንድ ውስጥ ባደረገው ንግግር ሁለተኛውን ማሻሻያ ጠቅሶ ጠመንጃ መያዝ ለጥቁሩም ሕጋዊ መብት መሆኑን፣ መንግሥት ሊጠብቃቸው ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ራሳቸውን መጠበቅ እንደሚችሉ ተናገረ። ብዙ ጊዜ ይህ ንግግር የጦርነት ጥሪ ተደርጎ ይቀርባል። በጥንቃቄ ለሚሰማው ግን ማልኮም የሚናገረው ስለ ረጅም ጠመንጃና ስለ ሕጋዊነት ነው፤ ማንንም ለማጥቃት ውጡ አላለም። ረጅም ጠመንጃ ያለው ለምን ይመስላችኋል? በብዙ ስቴት የሹም ፈቃድ የሚጠየቀው ለሽጉጥ ነበር እንጂ ለረጅም ጠመንጃ አልነበረም። የመስኮቱን ነገር ያውቀዋል።

የካሊፎርኒያ ሕግ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በግልጽ ይዞ መንገድ ላይ መሄድን ይፈቅድ ነበር። የኦክላንዶቹ ብላክ ፓንተሮች ይህን አንብበው፣ ታጥቀው ፖሊሶችን ከርቀት መከታተል ጀመሩ። ዶን ማልፎርድ የተባለ የምክር ቤት አባል ይህን የሚከለክል ረቂቅ ሲያቀርብ በ1967 ሜይ 2 ጠመንጃቸውን ይዘው ሳክራሜንቶ ወደሚገኘው ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ገዥው ሮናልድ ሬጋን ሕጉን ፈረሙበት። አዎ፣ ያው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ የጠመንጃ መብት ደጋፊዎች ጀግና ሬጋን። በነጮች እጅ እያለ ለዘመናት ያላስፈራ ጠመንጃ በጥቂት ወራት ውስጥ አስፈሪ ሆነ።

ቀጣዮቹን ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፋቸው። በ1981 ሞርተን ግሮቭ የተባለች የኢሊኖይ መንደር ሽጉጥን ጨርሳ ከለከለች። በንዴት ኬኔሶ የተባለች የጆርጂያ ከተማ በ1982 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ ጠመንጃ እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣች (ማንም አልተቀጣበትም)። የጠመንጃ መብት ተሟጋቾች ከዚህ በኋላ ወደ ስቴት ምክር ቤቶች ዞሩና ካውንቲዎችና ከተሞች በራሳቸው የጠመንጃ ሕግ እንዳያወጡ የሚከለክሉ ሕጎችን አስወጡ። ዛሬ ከ40 በላይ ስቴቶች እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው። ፍሎሪዳ በ2011 እንዲያውም ይህን የጣሰ የአካባቢ ሹም እስከ 5,000 ዶላር እንዲቀጣ ወሰነች።

ካሊፎርኒያ ግን የሸሪፉን መስኮት ክፍት አድርጋ ቆየች። 10 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ለረጅም ጊዜ ፈቃድ የሰጠው ለጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ነበር፤ በዚያው ስቴት፣ በዚያው ሕግ፣ የገጠር ካውንቲዎች ሸሪፎች ለጠየቀ ሁሉ ማለት ይቻላል ይሰጡ ነበር። ሹም ሲፈቅድ እጅ መንሻ መምጣቱ ደግሞ አይቀርም። በ2022 የሳንታ ክላራ ካውንቲ ሸሪፍ ከሥልጣን ለማንሳት በተደረገ ችሎት ፈቃድን ለወዳጅና ለደጋፊ በማዳላት ጭምር ጥፋተኛ ተብላለች።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ገባበት። በ2008 ከዋሽንግተን ዲሲ በመጣ ክስ በቤት ውስጥ ሽጉጥ መያዝ የግለሰብ መብት ነው አለ። በ2010 ደግሞ ኦቲስ ማክዶናልድ የተባሉ፣ ከሉዊዚያና ጥቁር ገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ የቺካጎ አዛውንት ከተማቸውን ከሰው አሸነፉ፤ ሁለተኛው ማሻሻያ ስቴቶችንም ያስራል ተባለ። በዚህ ፍርድ ላይ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የኮልፋክስን ታሪክ ጠቅሰው ጽፈዋል። 137 ዓመት አልፎ! በ2022 ጁን 23 ደግሞ፣ ከኒው ዮርክ በመጣ ክስ፣ በ6 ለ3 ድምፅ «ሊሰጥ ይችላል» የሚለው አሠራር ፈረሰ። በዚያን ጊዜ አሠራሩ የቀረው በ6 ስቴቶችና በዲሲ ብቻ ነበር።

ይህን ያደረጉት ወግ አጥባቂዎቹ ዳኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ የጥቁር ከተሞች መሪዎች ግን ተቃውመው ነበር። በየሳምንቱ ወጣት የሚቀብር ከተማ ሽጉጥ ይብዛ ሊል አይችልም። በሌላ በኩል የኒው ዮርክ ድሆችን በነጻ የሚከላከሉ ጠበቆች ፍርድ ቤቱ ሕጉን እንዲሽር ጠይቀዋል፤ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ያዘ ተብሎ የሚታሰረው ደንበኛችን ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቁርና ላቲኖ ነው ብለው። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው ብለን እናስባለን። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ግን ተጠንቀቁ።

ፍርዱ ሕጎቹን አንድ አላደረጋቸውም። የቨርጂኒያ ስቴት ምክር ቤት ጠበቅ ያሉ ሕጎችን ሊያወጣ ነው ሲባል በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ከ95ቱ ካውንቲዎች አብዛኞቹ «እኛ ጋ አይሠራም» የሚል ውሳኔ አሳለፉ። ሸሪፎችም አናስፈጽምም አሉ። ሰሜን ካሮላይና የ1919ኙን የካውንቲ ፈቃድ በ2023 ማርች ሰረዘች። በ2024 ደግሞ ያለ ምንም ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ የሚፈቅዱ ስቴቶች 29 ደረሱ።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች እንምጣ። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖረው በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ የታክሲ ሹፌር ወንድማችንን አስቡት። ማለዳ ከቨርጂኒያ ይነሳል፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዲሲ ይገባል፣ ከዚያ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ሽቅብ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ይሄዳል። ትራፊክ ከሌለ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በዚህ ጉዞ ሦስት ሕግ አቋርጧል። ቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው የካውንቲው ወይም የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ዲሲ መሣሪያው ራሱ ፖሊስ ዘንድ ካልተመዘገበ መያዙ ወንጀል ነው። ሜሪላንድ ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ ፖሊስ ነው። የቨርጂኒያው ፈቃድ በሁለቱም አይሠራም። በላዩ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2022 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች፣ የአምልኮ ቦታዎችን ጨምሮ፣ በ100 ያርድ ዙሪያ መታጠቅን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡ በፍርድ ቤት ክርክር ተነስቶበታል። ደንቡ እንደ ወጣ ቢሠራ ለጁምዓ ሰላት መስጂድ ደጃፍ መኪናውን ያቆመ ሰው ፈቃድ እያለው እንኳ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

በ1986 የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ መንገደኛን በመጠኑ ይጠብቃል፦ መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ፣ ተቆልፎ፣ ከእጅ በማይደረስበት የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሆነ፣ መነሻውም መድረሻውም ላይ ሕጋዊ ከሆነ፣ በመሐል ያለው ስቴት አይከስም። መድረሻው ዲሲ ለሆነና መሣሪያው እዚያ ላልተመዘገበ ሰው ግን ይህ ሕግ አይደርስለትም።

ያቺ የፊላደልፊያ እናት ዜጋ ነበረች። ከእስር ወጥታ ቤቷ ገባች። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል፤ በተማሪነት ወይም በጎብኚነት ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ አይችልም፣ መያዙ ራሱ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት በኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር ሊባረር ይችላል። ከ10 ዓመት በላይ የሠራበት አገር፣ እዚያ የተወለዱ ልጆቹ፣ የተጀመረ የቤት ክፍያ፣ ሁሉም በአንድ ድልድይ ላይ ይንጠለጠላል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። የሚያማክሩትም የወንጀል ጠበቃ ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይሁን፤ በወንጀሉ ችሎት «ቀላል ቅጣት ነው፣ ፈርም» የሚባለው ወረቀት ኢሚግሬሽን ዘንድ ሲደርስ ቀላል ላይሆን ይችላልና።